አሥረኛው ኮሚቴ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በኮሌጁ አዳራሽ ትንሽ ዝግጅት ተደረገልኝ። ኬክ ተቆረሰ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ከዚያ አንድ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ማይክ ይዞ፣ «መምህርት ብርነሽ ሰሌዳ ላይ ስትሳሳት ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም ዐይኔን በጨው ታጥቤ አብሬ አጨበጨብኩ።

እጇን ልታወጣ የምትችል አንዲት ሴት ነበረች፤ ግን አልተጠራችም። ስሟ ቻልቱ ነው፣ የሲሬ መምህርት ናት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው። ስለ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራዬ ደስ የሚል ነገር ብቻ መርጬ መጻፍ እችል ነበር፤ ጥቂቱን እጽፋለሁም፣ ሰው ነኝና። ግን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

የተወለድኩት ነቀምቴ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ቤት ውስጥ ጉራጊኛና አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ሒሳብ የወደድኩት በሦስቱም ቋንቋ መልሱ አንድ ስለሆነ ነው እያልኩ ለተማሪዎቼ እቀልድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የወደድኩት ስለምችለው ነው። ስችል ደግሞ ሰው ያየኛል። ይህ መታየት መውደድ ኋላ ላይ ምን እንዳደረገኝ እናገራለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ሲሬ ነበር። አውቶቡስ ቆሞ ሰው የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሒሳብ የምታስተምር ሴት ከእኔ በፊት አይተው አያውቁም ነበርና ርእሰ መምህሩ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ የባልትና አስተማሪ አለመሆኔን ጠይቆ አረጋገጠ። የዚያን ጊዜ ደመወዜን ብናገር የሚያምነኝ ስለሌለ ልለፈው።

የሒሳብ ክፍሉን ይመራ የነበረው ኦቦ ዲንቃ የሚባል ሰው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ የነጣ። ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ይልለታል። ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ማንኛውንም ሕግ ሲያስተምር «ጫፉ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሕጉ ከስንት ጀምሮ ነው የሚሠራው? የሚጀምርበት ቁጥር ላይ ሄደሽ ራስሽ በእጅሽ ቁጠሪው ይለኝ ነበር። «መሀሉ ላይ አትልፊ፣ ኢንታላ ኮ» ይላል፤ ልጄ ማለቱ ነው። «መሀሉማ ለሁሉም ይሠራል።» ሁለተኛው ልማዱ ይበልጥ ያስገርመኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ ከተሳሳተ አያጠፋውም። በቀይ ጠመኔ ያከብበውና፣ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ከሥሩ ትክክለኛውን ይጽፋል። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስሕተቱ እዚያው ተከብቦ ይቆያል። እኔ አዲስ መምህርት ሆኜ ይህን ሳይ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራኑን ሰብስቦ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጪ የሆነ ነገር ያስተምረናል። ስለ ኮሚቴዎች ያስተማረን ያኔ ነው። ሰባት ሰዎች አሉ እንበል። ሦስት ሦስት ሰው ያለባቸው ኮሚቴዎች ልናቋቁም ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የትኛውም ኮሚቴ ከየትኛውም ሌላ ኮሚቴ ጋር ቢያንስ አንድ የጋራ ሰው ይኑረው። ስንት ኮሚቴ ማቋቋም ይቻላል? በሒሳብ ቋንቋ እንዲህ ያለው ስብስብ ተገናኚ ቤተሰብ ይባላል። እኛ እርሳስ ይዘን መደርደር ስንጀምር ኦቦ ዲንቃ ወንበር አስያዘንና ሰባታችንን ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን አስቀመጠን። ኮሚቴ ማለት ለጊዜው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ አለ። ክቡ ላይ እንዲህ ያሉ ሦስቶች ሰባት ናቸው። እጅ ለእጅ እያያያዘን ሲያሳየን፣ ከሰባቱ ውስጥ እርስ በርስ የሚገናኙት ቢበዛ ሦስት እንደሆኑ አየን። ከዚያ ቦታ አቀያየረን። እንደገና ሦስት። እንዴትም ብንቀመጥ ከሰባት ሦስት። ስለዚህ ከሰባት ሰዎች ከሚወጡት ሠላሳ አምስት ኮሚቴዎች ውስጥ ከሰባት ሦስት እጁ፣ ማለትም አሥራ አምስቱ ብቻ ናቸው አብረው ሊቆሙ የሚችሉት። አሥራ አምስቱን ለማግኘት ደግሞ ቀላሉ መንገድ አንድን ሰው ሁሉም ኮሚቴ ውስጥ ማስገባት ነው። ያን ጠዋት ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰውነቴ ነዘረኝ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሲሬ ወደ ጊምቢ ተዛወርኩ። እዚያ ጠመኔ በቁጥር የሚያድል ርእሰ መምህር ገጠመኝ፤ በቀን ሁለት ብቻ። ጽሕፈቴ እስከ ዛሬ ደቃቅ የሆነው በእሱ ምክንያት ነው። ከጊምቢ ነቀምቴ፣ ከዚያም ትምህርቴን አሻሽዬ ወደ አንድ ኮሌጅ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ኦቦ ዲንቃ ወደ ኮሌጁ ከመግባቴ በፊት ዐርፏል። በዲፓርትመንቱ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን አንዳቸው ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባላል፣ እኔ ብሳሳት «ሴት ናት» እንደሚባል አውቅ ነበር። ስለዚህ አልተሳሳትኩም። ማታ አራት ጊዜ ሠርቼው ያልመጣሁትን ነገር ጠዋት ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ስሜ እንደዚያ ነው የወጣው።

ኮሌጁ በክረምት ለመምህራን የዲግሪ ትምህርት ሲከፍት የቆጠራ ሒሳቡን ኮርስ ለእኔ ሰጡኝ። መጽሐፍ ስላልነበረ ኖት አዘጋጀሁ። በጥድፊያ ነበር፤ ደብዳቤው የደረሰኝ ተማሪዎቹ ሊገቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው። ያንን የኮሚቴ ነገር አራተኛ ቲዎረም አድርጌ አስገባሁት። እንዲህ ይላል፦ የሰዎቹ ቁጥር የአንድ ኮሚቴ አባላት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትልቁ ተገናኚ ቤተሰብ የሚገኘው አንድ ሰው ሁሉም ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ ነው፤ በሌላ መንገድ አይገኝም። በሰባት ሞከርኩት፣ ሠራ። በስምንት ሞከርኩት፣ ሠራ። በስድስት አልሞከርኩትም። ለሦስት ሰው ኮሚቴ እጥፉ፣ ጫፉ፣ ስድስት ነው። ኖቱ ተባዛ፣ ሽፋኑ ላይ ስሜ ወጣ፣ በየክረምቱ ተሸጠ።

ቻልቱ ዲፕሎማ ይዛ ሲሬ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ነበረች። ዲግሪውን ከያዘች ወደ ላይኛው ክፍል ታልፋለች፤ ትምህርት ቤቷም ቦታውን ይዞላት ነበር። አጠር ያለች፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ፣ ጥያቄዋ ግን የማያልቅ። ከሲሬ ነኝ ስትለኝ ልቤ ወደ እሷ አዘነበለ። አማካሪዋ ሆንኩ። ለመመረቂያ ጽሑፏ ርእስ ስትጠይቀኝ አራተኛውን ቲዎረም ሰጠኋት፤ ማረጋገጫውን አስፍታ በምሳሌ እንድትጽፍ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን ምዕራፍ ይዛ መጣች። ሁለት ጊዜ ገለጥ አድርጌ ሳየው የሰዎች ስም የተደረደረበት ሠንጠረዥ አየሁ። ቲዎረሙ ስድስት ላይ አልሠራልኝም አለችኝ። ሳልቀመጥ፣ መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ፣ ኖቱን ደግመሽ ተመልከቺ ብዬ መለስኩላት። ኦቦ ዲንቃ ቢሆን ወንበር አስመጥቶ ያስቀምጣት ነበር።

ጽሑፉ የተፈተነው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ ከሌላ ቦታ የተጠራ ፈታኝ፣ እና አማካሪዋ እኔ። ቻልቱ ሰሌዳው ላይ የስድስት ሴቶች ስም ጻፈች። የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት አባላት ናቸው አለች፤ ሌንሳ፣ ኩሌ፣ ኢፍቱ፣ ጃለኔ፣ ሲፈን፣ ቦንቱ። ከስድስቱ ሃያ የሦስት ሰው ኮሚቴ ይወጣል። እያንዳንዱ ሦስት ሲመረጥ ሌሎቹ ሦስት ይቀራሉ፤ የተመረጡትና የቀሩት አይገናኙም፣ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው። እንግዲህ ከሃያው ቢበዛ አሥር። ሌንሳን ሁሉም ውስጥ ካስገባን አሥሩን እናገኛለን። እዚህ ድረስ ማንም አልተቃወማትም።

ከዚያ ከአሥሩ ውስጥ ሌንሳ፣ ኩሌና ኢፍቱ ያሉበትን ኮሚቴ ሰረዘች። በእሱ ፋንታ የቀሩትን ሦስቱን፣ ጃለኔን፣ ሲፈንንና ቦንቱን አስገባች። አሁንም አሥር ናቸው አለች፤ አሁንም ሁሉም ይገናኛሉ፤ ግን ሌንሳ አሥረኛው ውስጥ የለችም። ሌላም ማንም ቢሆን ሁሉም ውስጥ የለም። ስለዚህ «በሌላ መንገድ አይገኝም» የሚለው ስድስት ላይ ትክክል አይደለም።

ፈታኙ ፈገግ ብሎ ኖቴን ከቦርሳው አወጣ። ይህ የአማካሪሽ የራሷ ኖት ነው፣ አራተኛውን ቲዎረም አላነበብሽውም እንዴ አላት። ኃላፊው ሣቀ። እነሱ ሲጠይቋት እኔ ከፊቴ በነበረው ወረቀት ጀርባ ላይ ስሞቹን በመጀመሪያ ፊደላቸው ጻፍኩ። ሌንሳ ያለችባቸው ዘጠኝ ቀርተዋል። እያንዳንዱን ከአሥረኛው ጋር አስተያየሁ። ሌንሳ፣ ኩሌ፣ ጃለኔ፤ ጃለኔን ይጋራሉ። ሌንሳ፣ ኢፍቱ፣ ቦንቱ፤ ቦንቱን ይጋራሉ። ዘጠኙም ይጋራሉ። ከአሥረኛው ጋር የማይገናኘው የተሰረዘው ኮሚቴ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልጅቱ ትክክል ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ በታተመ፣ ስሜ ባለበት፣ በየክረምቱ ባስተማርኩት ነገር።

ፈታኙ ወደ እኔ ዞረና በአክብሮት፣ «መምህርት፣ የትኛው ነው ትክክል?» አለኝ።

ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ናት ትክክል። እኔ ግን ያየሁት የኃላፊውን ሣቅ ነው። ያየሁት በሚቀጥለው ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚወራውን ነው። ለሴት ስላዳላች ነው እንዳይሉም ፈራሁ፤ ይህንን ራሴን ለማጽናናት በኋላ የጨመርኩት ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ «ኖቱ ታይቶ የተዘጋጀ ነው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዳልተንቀጠቀጠ ሳስብ ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ውሳኔው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ይውጣ፣ በቦታው አራተኛው ቲዎረም ከነማረጋገጫው ይግባ፣ ከዚያ ጽሑፉ ያልፋል የሚል ነበር። ፎርሙ ላይ ሦስታችንም ፈረምን። ኮሪደሩ ላይ ቻልቱን አገኘኋትና እጇን ይዤ፣ «ጻፊውና ተመረቂ። አንድ ገጽ ነው» አልኳት።

«ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ፣ ባርሲስቱ?» አለችኝ። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው፤ ሲሬ ውስጥ ያኔ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ።

ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚመረቀው አልኳት። እጇን ከእጄ ቀስ ብላ አወጣች። ገጹን አልጻፈችም። በሚቀጥለው ክረምት አልተመለሰችም። ሲሬ ያለው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከዚህ የባሰውን አሁን ልናገር። በዚያው ክረምት ኖቱን ወደ ማተሚያ ቤት ስልከው አራተኛውን ቲዎረም አስተካከልኩ። «እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ» የሚለውን «ከእጥፍ በላይ» አደረግሁት። በምልክት ደግሞ ከ«≥» ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ማጥፋት ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደተቀየረ የጠየቀ አልነበረም። ተማሪዎቼ ከዚያ ወዲህ ትክክለኛውን ተማሩ፣ ቻልቱ ያገኘችውን፣ በእኔ ስም።

ዓመታት አለፉ። ሲሬ ከነቀምቴ ሩቅ አይደለም። መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ሰበብ ሆነውኛል። ክፍት በሆነ ጊዜም ግን አልሄድኩም። ከጡረታው ዝግጅት በኋላ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልወጣ ሲለኝ፣ በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቻልቱን በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ፀጉሯ ፊት ለፊት ሸብቷል። «አካም ጂርታኒ» ብላ በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሻይ አስመጣችልኝ። እንደተቀጣ ተማሪ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ያን ቀን ወረቀት ላይ ቆጥሬው እንደነበር፣ ፈታኙ ከመጠየቁ በፊት ማወቄን፣ እያወቅሁ ዝም ማለቴን፣ ኋላ ኖቱን መለወጤን፣ እየተደነቃቀፍኩም ቢሆን ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ሲጽፉ እያየሁ ነበር። ከሰሌዳው ቆሜ የብዕርዎን እንቅስቃሴ ነበር የምከተለው። ዘጠኝ ጊዜ ቆሞ ተነሣ። ከዚያ ቀና አሉ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።»

አንገቴን ደፋሁ። አዲሱን ኖትም አይታዋለች፤ አንድ የሲሬ መምህር ክረምት ተምሮ ሲመለስ አሳይቷት። የጠፋችውን መስመር ወዲያው ነበር ያየቻት። የተናደድኩት ያን ቀን ነው፤ ፈተናው ላይ እንኳ እንደዚያ አልተናደድኩም አለችኝ። ይህን ስትል ድምጿ ከፍ አላለም።

ለኮሌጁ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሁሉንም በስሜ አምናለሁ አልኳት።

ሻይዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ያኔ ቢናገሩ ኖሮ ምን ያጡ ነበር?»

ማሰብ አላስፈለገኝም። ስሜን አልኳት። ኖቱን፣ ምናልባትም ኮርሱን። የወንዶቹን አክብሮት።

«አሁንስ ቢናገሩ?»

ጋቢው ተሰጥቶኛል፣ ጡረታዬ ተከብሯል፣ ማንም የሚነጥቀኝ ነገር የለም። «ምንም» አልኳት። ስናገረው ለራሴም ተሰማኝ።

«ቢሆንም ይጻፉት» አለች።

ጻፍኩት። ያን ቀን በሦስት ቃል የሚያልቀው ነገር ሦስት ገጽ ፈጀብኝ። ስድስቱን ሴቶች፣ አሥሩን ኮሚቴዎች፣ በቦርሳዬ የደበቅሁትን ወረቀት፣ የፈረምኩትን ፎርም ሁሉ አስገባሁ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ነው። ለረጅም ዘመን አገልግሎቴ ያመሰግናል። ያ የክረምት ፕሮግራም መዘጋቱን፣ ያልተጠናቀቀ የተማሪ ማኅደር ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደማይከፈት፣ ወይዘሮ ቻልቱ ከፈለገች እንደ አዲስ ተመዝግባ ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር እንደምትችል ይገልጻል። የዛሬው ኃላፊ ስልክ ደውሎ ደግሞ፣ መምህርት ይህን ያህል ራስዎን አያስጨንቁ፣ አንድ ምልክት ነች አለኝ።

ለቻልቱ ደውዬ ደብዳቤውን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«እሺ ባርሲስቱ፣ ገላቶማ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። «አሁን ክፍል ልገባ ነው።»

የምትገባው ሰባተኛ ክፍል ነው።